የቤትና የካፍ ነገር

ውድ መምህሬ ኒሲም፣

እንደምን ነዎት ብዬ ልጀምር ነበር። በእኔ ምክንያት እስር ቤት የገባን ሰው እንደምን ነዎት ማለት ድፍረት ነውና ተውኩት። ይህን የምጽፍልዎት እዚሁ ኢዝሚር፣ ከመድኃኒት ቤትዎ ሦስት በር አልፎ ካለችው ክፍሌ ሆኜ ነው። ሱቅዎ ከተዘጋ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞራለሁ።

ከሆላንድ ስመጣ ዕብራይስጤ ከመጽሐፍ የተለቀመ ነበር። ገበያ ወጥቼ ዓሣ ሻጩን በነቢያት ቋንቋ ስለማመጠው ሰምተው፣ «አንተ ሆላንዳዊ፣ ዮናስን የዋጠው ዓሣ መሰለህ እንዴ እንዲህ የምትማጸነው?» አሉኝ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደድኩዎት። ስድስት ዓመት አስተማሩኝ፤ በአገሬ ዩኒቨርሲቲ ያላገኘሁትን ከእርስዎ መደርደሪያ ሥር ተቀምጬ አገኘሁ።

የጠላሁት ምክርዎን ብቻ ነው። ሌሎቹ ሐኪሞች ማዘዣቸውን በጣልያንኛ ሲጽፉ፣ እኔ በዕብራይስጥ፣ ያውም ቁጥሩን በፊደል፣ ሁለትን በ«ቤት» ሃያን በ«ካፍ»፣ ካልጻፍኩ ብዬ ድርቅ አልኩ። «ልጄ፣ የቤትን ተረከዝ፣ ያቺን ከሥሯ ወጣ ያለች ጫፍ፣ አትቁረጣት። ተረከዝ የሌላት ቤት ካፍ ናት። ሁለት ልትለኝ ፈልገህ ሃያ ትለኛለህ፤ እኔ የምሸጠው ሽንኩርት አይደለም» ይሉኝ ነበር። እኔ እስቅ ነበር። አወቅሁ ባይ ነበርኩ።

ለበሽተኛዬ ለሂለጎንዳ ሳል፣ ሲበዛ የሚገድለውን ኦፒየም ያዘዝኩ ዕለት የሰዋስው መጽሐፌን እየጻፍኩ ነበር። ማዘዣውን ይዘው ራስዎ በሬ ድረስ መጡ።

«ይሄ አልበዛም?» አሉኝ።

ቀና ብዬ እንኳ አላየሁዎትም። «ፊደል ከእኔ ሊማሩ ነው የመጡት? እንደተጻፈው ይስጧት!» አልኩ።

ተመልሰው እንደተጻፈው ሰጧት። ሂለጎንዳ በማግስቱ አልነቃችም። ሁለት ልጆች አሏት፤ ትልቋ ስታየኝ አሁንም እጄን ትይዛለች።

ባሏ «መድኃኒት ቀማሚው ገደላት» ብሎ ከሰሰ። ከአይሁድ አንዱ ቢያነበው ለወገኑ ለእርስዎ ያደላል ተባለና፣ ወረቀቱን እንዳነብ ዳኛው እኔን አስጠራ። «ስንት ይላል?» አለኝ። አየሁት። ተረከዝ የለውም። ፊደል በቆጠረ በሳምንቱ የሚያነብ ሕፃን እንኳ ካፍ ይለዋል።

«ሁለት ይላል» አልኩ።

ያሰብኩትን ነው ያነበብኩት እያልኩ ራሴን ላታልል ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም። ፈርቼ ነው የዋሸሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሌን መመለስ አቃተኝ። እርስዎ አዩኝ። ምነው በዚያች ሰዓት በሰደቡኝ!

ዛሬ ጠዋት ባለቤትዎን ዲያማንቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ፊቴ ላይ ትተፋለች ብዬ ነበር።

«ግባ አንተ ሰውዬ፣ በር ላይ ምን ያስቆምሃል» አለችኝ። «ኒሲም ለዳኛው ቃሉን ሰጥቷል። ዓይኔ አርጅቷል፤ ቤቷን ካፍ ብዬ ያነበብኳት እኔ ነኝ ብሎ ፈርሟል።»

«ለምን?» አልኳት።

«ሐኪሙን ከሰቀሉት ይህን ሁሉ በሽተኛ ማን ያየዋል አለ። ደግሞ ይወድሃል። ምን ታደርገዋለህ፣ ሞኝ ነው።» ከዚያ በሻሿ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ፍርዱ ነገ ነው፤ ገመድ እንደሆነም ሰው ሁሉ ያወራል።

መምህሬ፣ የቆጠርኩት ሰዋስው፣ ያከምኩት በሽተኛ፣ ሁሉም ከንቱ ሆነብኝ። ወደብ ላይ ነገ ወደ አገሬ የሚሄድ መርከብ አለ። እንደዋዛ ሁለቴ ሄጄ አየሁት። ይህንንም እንዲያውቁት ነው የምነግርዎት፤ ከዚህ ወዲያ ከእርስዎ የምደብቀው ነገር እንዲኖር አልፈልግም።

መርከቡ ያለ እኔ ይሄዳል። ነገ ዳኛው ፊት ቀርቤ ወረቀቱን እንደገና አነባለሁ። አላምንህም ቢለኝ፣ በሬ ላይ ቆመው የጠየቁኝን፣ እኔም የመለስኩልዎትን ምዬ እናገራለሁ። ይቅርታ አልለምንዎትም፤ አይገባኝም። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ዳኛው ሲጠይቅዎ ዳግመኛ «ዓይኔ አርጅቷል» አይበሉ። ዓይንዎ አልሳተም። እኔ የጻፍኩትን ነው ያነበቡት።

ተማሪዎ፣
ሬይንደርት