ከሩቅ መግባትን ለከለከሉት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ ከልብ ያሳስበኛል፤ አያድርገውና ታመው ወደ ራስዎ ሆስፒታል ቢመጡ፣ ካርድዎ ያለው ሌላ ከተማ በተቀመጠ ሰርቨር ውስጥ ነውና።

እኔ የታካሚዎችን መረጃ የያዘውን ዳታቤዝ የማስተዳድረው ሠራተኛዎ ነኝ። «ያለ ፈቃድ ከሩቅ ወደ ሰርቨር በመግባት» በሚል የጻፉልኝ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ማስጠንቀቂያውን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስላስለጠፉልኝ፣ መልሴም እዚያው ጎኑ ቢለጠፍ ቅር እንደማይልዎት አምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ ላመስግን። ከሥልጠና ተመልሰው ስለ መረጃ ሌቦች ሲነግሩን ሁላችንም ፈርተናል፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነበር። ስለዚህም ከታወቁ ኮምፒውተሮች በቀር ማንም እንዳይገባ፣ የሚገባውም ከይለፍ ቃሉ ሌላ በስልኩ የሚላክለትን ቁጥር እንዲያስገባ፣ የገባ የወጣውም ሁሉ እንዲመዘገብ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። እርስዎ ግን «ይሄ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል? ዝጊው በቃ፤ የሚነካው ሰው እዚያው ሄዶ ይንካ» ብለው ገላገሉን። ሐኪሞቹ ካርድ የሚያዩበት መስመር ብቻ ክፍት ሆኖ ቀረ፤ ሲበላሽ እኔ የምጠግንበት ግን ተዘጋ። ሌባ ፈርቶ በር የሌለው ቤት የሠራ ሰው አይቼ አላውቅም ነበርና ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለዚያ ከሰዓት በኋላ። አዋላጇ ደውላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እህቴ፣ ካርዱ አልከፈት አለኝ። ደም እየፈሰሳት ነው፤ ራሷን ስታለች፤ ባሏም የሚያውቀው ነገር የለም» አለችኝ። ምጥ የያዛት እናት ክትትሏ በሌላው ቅርንጫፋችን ስለነበር፣ ስለ እሷ የምናውቀው ሁሉ ያለው ዳታቤዙ ውስጥ ነው። ዳታቤዙ ደግሞ ሥራቸውን ጨርሰው ባልወጡ ግንኙነቶች ተጨናንቆ አዲስ ሰው አላስገባም ብሏል። እነሱን ማስወጣት ወንበሬ ላይ ሆኜ የምጨርሰው ሥራ ነበር፤ በመመሪያዎ መሠረት ግን አውቶቡስ ተሳፍሬ ግማሽ ቀን መጓዝ ነበረብኝ። ቢሮዎ ደወልኩ። ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ጥያቄሽን በጽሑፍ አስገቢ» አለችኝ።

ሰርቨሩን የሚያከራየን ድርጅት ዘንድ ደወልኩና ተረኛው ባለሙያ መስመሩን እንዲከፍትልኝ ጠየቅሁት።

«ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?» አለኝ።

«እኔ» አልኩት።

ከፈተልኝ። ገባሁ፤ የተንጠለጠሉትን ግንኙነቶች ቆረጥኩ፤ ካርዱ ተከፈተ። አዋላጇ ስልኩን ሳትዘጋ ማንበብ ጀመረች። ከዚያ ንባቧን አቋርጣ «ዶክተር፣ መርፌውን ተዉት፤ ይሄ መድኃኒት አይስማማትም» ስትል ሰማኋት።

እናትየዋ ተርፋለች። ልጇም ደህና ናት።

ሦስተኛ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሁሉም ካለፈ በኋላ የደረሰኝ ማስጠንቀቂያዎ ይቅርታ እንድጠይቅ ያዛል፤ ማንን እንደምጠይቅ ግን አይገልጽም። እናትየዋን እንዳልጠይቅ ልጇን እያጠባች ነው፤ አዋላጇን እንዳልጠይቅ ባየችኝ ቁጥር አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ እርስዎን ደግሞ አልጠይቅም። ነገም አዋላጇ ብትደውልልኝ እገባለሁ። ሊያባርሩኝ ሥልጣኑ አለዎት። ያባረሩኝ ዕለት ግን በስንብት ደብዳቤው ላይ ምክንያቱን ሳያሳጥሩ በሙሉ እንዲጽፉልኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ ለሚቀጥለው ቀጣሪዬ የማሳየው ከዚህ የተሻለ የሥራ ልምድ ማስረጃ የለኝምና።

ከማይጓደል አክብሮትና ከማይታጠፍ አቋም ጋር፣
መስመሩን ያስከፈተችው የዳታቤዝ ባለሙያዎ

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ጸሐፊዎ ደውላ፣ ቅዳሜና እሁድ ከቤትዎ ሆነው ሪፖርት ማየት ስለፈለጉ ለእርስዎ ብቻ መስመር እንዲከፈት አዘዋል አለችኝ። መመሪያዎን አክብሬ እምቢ ብያለሁ። ቢያንስ በዚህ ጉዳይ ታዛዥ ሆኜ በመገኘቴ እንደሚኮሩብኝ አልጠራጠርም።