ከሸሚዙ በላይ ያለው ፊት

ጥቅምት 3፣ ማክሰኞ፣ ጧት

የመብራቱን እግር ዘረጋሁ። ነጩን ጃንጥላ አሰርሁ። ገመዱ ሰው እንዳይጥል ከምንጣፉ ሥር አሳለፍሁት። ዝናቡ አቁሟል፤ ብርዱ ግን ከገፈርሳ ውኃ ላይ ተነሥቶ በበሩ ሥር ይገባል። ሁለተኛው መብራት ዛሬም አልተሠራም። ስለዚህ በአንድ መብራት ነው። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ወ/ሮ ሰናይት፣ አንድ መብራት ያለው ሰው የሚጠብቀው አንድ ጥላ ብቻ ነው ይላሉ። ለእኔ አንዱም በዝቶብኛል።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ነገ ፎቶ የሚነሡት እንግዶች አይደሉም። ማቴዎስ ነው። ያገሬ ልጅ፤ ከቦዲቲ ስመጣ መናኸሪያ ድረስ ወጥቶ የተቀበለኝ፣ ፍራሹን ያካፈለኝ፣ ዛሬም በአንድ ክፍል አብሮኝ የሚያድር። በልስን ሥራ ይተዳደራል። ከጎኑ የምትነሣው ሌንሴ ናት፤ እዚህ ቡራዩ ዳቦ ቤት የምትሠራ የሱሉልታ ልጅ። ሊያገባት ይፈልጋል። እርስዋም ትፈልጋለች። የሚቀሩት አባትዋ ኦቦ ቶለሳ ናቸው፤ የወተት ላሞችና የሣር መሬት ያላቸው ገበሬ።

ወጉ እንዲህ ነው። ሽማግሌ ሳይላክ ልጁ የአባትን ደጅ አይረግጥም። ኦቦ ቶለሳ ደግሞ ሽማግሌ ከመቀበሌ በፊት መልኩን ልይ አሉ። በስልክ ሊላክላቸው ቢታሰብ እንቢ አሉ። ስልክ ሰውን ሁሉ ያሳምራል፤ በወረቀት አምጡልኝ አሉ።

እነሆ፣ የማቴዎስ ጉዳይ በእኔ መብራት ሥር ወደቀ።

የአጎቴ ልጅ ከዱከም ደውሎ ነበር። እዚያ ያለ ፋብሪካ ሰው እየቀጠረ ነው፤ ቶሎ ወስን ይለኛል። አልወሰንሁም። ማቴ. ካገባ ከዚህ ክፍል ይወጣል። ብቻዬን በዚህ አገር ማደርን ገና አልለመድሁም። እናቴ የሰጠችኝ ጋቢ በሻንጣዬ ውስጥ እንደ ታጠፈ ነው። ሥራህ ሲደላደል ልበሰው ብላኛለች። አልተደላደለም። በጃኬት እተኛለሁ።

ጥቅምት 4፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ

ተነሡ።

ማቴ. የእኔን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ትከሻው ላይ ጠቦታል። እጁን ባነሣ ቁጥር ሸሚዜ ይቀደዳል ብዬ እሰጋለሁ፤ እርሱም አውቆ ደጋግሞ ያነሣል። ሌንሴ እናትዋ ያስጠለፈችላትን ቀሚስ ለብሳለች። ቀይ ናት፤ ጥቂት ብርሃን ይበቃታል።

ወ/ሮ ሰ. ብርሃኑን የሚለኩት በነጭ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ከተነሺው አገጭ ሥር እኔ እይዛለሁ፤ እርሳቸው በካሜራው ያያሉ። ዛሬ ከሌንሴ አገጭ ሥር ያዝሁ። የቤቱ ደንብ ነው። መብራት የሚቀርበው ለሴቲቱ ነው፤ ደንበኛ ሁሉ ሙሽራዬን አብሩልኝ ይላልና። ከማቴ. አገጭ ሥር አልያዝሁም። ማንም ያዝ አላለኝም።

ዓይኑን ከእርስዋ ላይ ማንሣት አልቻለም። ወ/ሮ ሰ. ካሜራው ወዲህ ነው፣ ዳቦ ቤቱ ገና አልተዘጋም፣ በኋላ ታያታለህ አሉት። ሌንሴ በእጅዋ አፍዋን ይዛ ሳቀች። ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

ጥቅምት 8፣ እሑድ

ፎቶው ሱሉልታ ደረሰ። መልሱም መጣ።

ከአምልኮ ስንወጣ ሌንሴ በር ላይ ቆማ አገኘናት። እርስዋ ወደ እኛ ቤተ ክርስቲያን አትመጣም፤ ስለዚህ ገና ሳያት ነገሩ መልካም እንዳልሆነ ገባኝ። እንደ ነገረችን፣ አባትዋ ፎቶውን ወደ ደጅ ይዘው ወጡ፤ ለፀሐይ አዙረው ተመለከቱት፤ ከዚያም እንዲህ አሉ፦

«ሸሚዙን አየሁት። ሰውየው የታለ?»

ይህ ብቻ ቢሆን ሳቅ ነበር። ግን ጨመሩበት። ፊቱን ከብርሃን የሚያሸሽ ሰው ሌላም የሚያሸሸው ነገር አለው፤ እንዲህ ላለ ሰው ሽማግሌ አልቀበልም።

ማቴ. ወደ እኔ ዞረና ሸሚዙ ያንተ ነው፣ እንግዲህ ሙሽራው አንተ ነህ አለኝ። ሌንሴን ለማሳቅ ነበር። ሳቀችለትም፤ ዓይንዋ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ቤት ገብተን የቀረልንን ፎቶ አወጣሁት። እውነታቸውን ነው። ሌንሴ እንደ ጧት ትታያለች። በአጠገብዋ ነጭ ሸሚዝ ቆሟል፤ ከሸሚዙ በላይ ጨለማ አለ፤ በጨለማው ውስጥ ጥርስ። መብራቱን ለእርስዋ አቀረብሁ፤ እርሱን ከዳር ተውሁት። ነጩ ሸሚዝ የቀረውን ብርሃን በላበት። እኔ የማውቀው ያ ደግ ፊት የለም።

ማቴ. ራቱን አልጨረሰም። በትንሿ መስታወት ፊቱን ሲያይ ቆየ። አንድም ቃል አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

ጥቅምት 9፣ ሰኞ

ፎቶውን ለወ/ሮ ሰ. አሳየሁ። መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱ። ልጁ አልተሸሸገም፣ እኛ ነን የሸሸግነው አሉ። ስንት ዓመት እንዲህ ስናነሣ ኖርን፣ አንድ ሰው እንኳ የታለሁ ብሎ አልጠየቀንም አሉ። ቀጥለውም ልጆቹ ቅዳሜ ይመለሱ አሉኝ። በዚህ ጊዜ መብራቱን አንተ አቁም፤ እኔ ካሜራውን መጫን ብቻ ነው።

አልችልም አልሁ። መብራት ትፈራለህ እንዴ፣ አይናከስም እኮ አሉኝ።

ከዚያ ያሰቡት ነገር አስደነቀኝ። ማቴ. የአባትን ደጅ መርገጥ አይችልም። እውነት። ፎቶ ቤት ግን የማንም ደጅ አይደለም። ኦቦ ቶለሳ በዓይናቸው ቢያዩት ወጉ አይፈርስም። ሌንሴን አስጠርተው ነገሯት። በስልክ ለአባትዋ አወራች፤ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በዝምታ። መልሳቸው አጭር ነበር። ቅዳሜ ለቡራዩ ከብት አርቢዎች ሣር አመጣለሁ፤ መንገዴ ላይ ከሆነ አልፍ ይሆናል።

መንገዳቸው ላይ አይደለም። ሌንሴ ይህን ስትነግረን ፈገግ አለች።

እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርሁም። አማርኛዬን ያቀናልኝ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በሽማግሌ ፊት ምን ብዬ እናገራለሁ? ባልናገርስ?

ጥቅምት 12፣ ሐሙስ፣ ጧት፣ ከመክፈታችን በፊት

ብቻዬን ነኝ። መብራቱን ከወዲያ ወዲህ አዞራለሁ።

በአንድ እጄ ነጩን ወረቀት በሌንሴ ቦታ ይዣለሁ። ሌላውን እጄን፣ የማቴ. ፊት የሚሆንበት ቦታ ላይ ዘርግቻለሁ። መልካችን አንድ ነው፤ ሁለታችንም ጥቁር ነን። ስንት ጊዜ በወረቀት ለካሁ፤ ይህ እጅ ሁልጊዜ ከወረቀቱ ጀርባ ነበር፤ አንድ ቀን አላየሁትም።

መብራቱ ወደ ሌንሴ ሲቀርብ እጄ ይጠፋል። ወደ ማቴ. ሲቀርብ እጄ ይወጣል፤ ጅማቱ፣ የጣቶቹ መገጣጠሚያ ሁሉ። ወረቀቱ ደግሞ ብርሃን በዝቶበት ይነድዳል። ጃንጥላውን ትንሽ ዘወር አደረግሁት፤ መሐሉ ወደ እጄ፣ ዳሩ ብቻ ወደ ወረቀቱ። ሁለቱም ታዩ። ደግሜ አደረግሁት። ሁለቱም ታዩ።

በምንጣፉ ላይ የመብራቱን እግር ቦታ በፕላስተር ምልክት አደረግሁ። ነጭ ሸሚዝም ይቅር፤ ሰማያዊ ሹራብ አለው።

የአጎቴ ልጅ ከዱከም በድጋሚ ደወለ። አላነሣሁም።

ጥቅምት 14፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ

በቀስታ ልጻፈው።

ማቴ. ሹራቡን ለብሶ ቀድሞ መጣ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተላጭቷል። ሌንሴ ከዳቦ ቤቱ ሽርጥዋን እየፈታች ሮጣ ገባች። ኦቦ ቶለሳ የሉም። ወ/ሮ ሰ. እንጀምር አሉ። መብራቱ በምልክቱ ላይ ነው። ማቴ. በመብራቱ በኩል፣ ሌንሴ ከእርሱ ማዶ።

ካሜራውን ሲያይ ፊቱ ይወጣል፤ ነገር ግን እንደ መታወቂያ ፎቶ ደርቆ። ወደ ሌንሴ ሲዞር ፊቱ ይለሰልሳል፤ ወዲያው ግን ለመብራቱ ጀርባውን ይሰጥና ይጨልማል። ያን መልክ ነው የምንፈልገው። ያን መልክ ነው የምናጣው። ሐሙስ ዕለት እጄ ወደ ማንም አልዞረም ነበር፤ ይህን አላሰብሁም። ብርሃን እንዲመልስለት ወረቀቱን ከማዶ ያዝሁ፤ ትንሽ ነው፣ አይበቃም።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ።

ረጅም ሰው ናቸው። ነጭ ጋቢ፣ በጋቢው ላይ ያልተራገፈ ሣር። «አካም ጅርቱ» ብለው ለሁላችን ሰላምታ ሰጡ። ወንበር ቢቀርብላቸው አልተቀመጡም። ማቴ.ን አላዩትም፤ ያዩት መብራቱን ነው። ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ይህ ነገር ያቃጥላል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ብዙ አያቃጥልም አባባ አልሁ። ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም። በሩ አጠገብ ቆሙ።

ወ/ሮ ሰ. ቀጠሉ። ማቴ. ጨለመ፣ ደረቀ፣ እንደ ገና ጨለመ። ኦቦ ቶለሳ ነገሩ እንዳልሄደ አዩ። ትዕግሥታቸው አለቀ መሰለኝ፣ ወይም ፊቱን ከቅርብ ሊያዩ ፈለጉ፤ ከሌንሴ በኩል፣ ካሜራው በማያያቸው ቦታ፣ ጥቂት እርምጃ ቀረቡ።

የማቴ. ጉንጭ በራ።

መብራቱን አየሁ፤ አልነካሁትም። መስኮቱን አየሁ፤ መጋረጃው እንደ ተዘጋ ነው። ወደ ኦቦ ቶለሳ አየሁ። ጋቢው ነበር። የመብራቱን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ልጁ ፊት ይመልስለታል።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ሽማግሌን እንደ መብራት እግር ወዲህ ቁም ወዲያ ቁም ማለት በአገሬም ነውር ነው፣ በዚህም ነውር ነው። ግን ተናገርሁ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጠጋ ይበሉለት።»

«ወደ ማን?»

«ወደ ማቴዎስ። ጋቢዎ ፊቱን ያበራለታል።»

ሌንሴ ወለሉን ታያለች። ኦቦ ቶለሳ ወደ ጋቢያቸው ዝቅ ብለው ተመለከቱ፤ ወደ ማቴ. ተመለከቱ፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። የልጁ ፊት ጨለመ። አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጡ። በራ። እንደ ገና ወደ ኋላ፣ እንደ ገና ወደ ፊት። ላም ሊገዙ የመጡ ይመስላሉ፤ ሰው የነገራቸውን ሳይሆን እጃቸው የነካውን ነው የሚያምኑት።

ከዚያም ቀረቡ። በጣም ቀረቡ። ጋቢውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ያዙ፤ ጥጃ ከነፋስ እንደሚከልል ሰው። ማቴ. ወደ ሌንሴ ዞረ። ፊቱ ሁሉ ነበር፤ ዓይኑ፣ ግንባሩ፣ ሊስቅ ፈልጎ የማይደፍረው አፉ። ወ/ሮ ሰ. ካሜራውን ተጫኑት። ደግመው ተጫኑት። እኔ መብራቱን ይዤ ቆሜአለሁ፤ ምንም ባይነቃነቅም ይዤዋለሁ።

ሲያበቃ ኦቦ ቶለሳ እጃቸውን አላወረዱም። ጋቢውን እንደ ዘረጉ ከቅርብ አዩት። ረጅም ጊዜ። ማቴ. ዓይኑን ዝቅ አላደረገም፤ አክብሮ ግን ጎንበስ አለ። ከየት ነህ፣ እናትህ አለች ወይ፣ ልስኑን ማን አስተማረህ አሉት። መለሰ። ድምፁ መጀመሪያ ቀጭን ነበር፤ በኋላ ቀና።

ጋቢያቸውን ደረቡና ለልጃቸው በአማርኛ፣ ሁላችን እንድንሰማ፣ እንዲህ አሏት፦

«ሣሩ ታጭዶ ይግባ። ከዚያ ሽማግሌ ይምጣ።»

በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ሸሚዙ ግን ያኛው ይሻል ነበር አሉ። ወ/ሮ ሰ. በሳቅ ካሜራውን ሊጥሉት ነበር። ማቴ. ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሌንሴ ሽርጥዋን እያሰረች ወደ ዳቦዋ ሮጠች፤ ወጥታ ተመልሳ በመስኮቱ አየችው፤ ሄደች።

ጥቅምት 16፣ ሰኞ፣ ጧት

ፎቶው ታጥቦ ወጣ። በውስጡ ሁለት ሰዎች አሉ። ሁለቱም ይታያሉ። ኦቦ ቶለሳ አይታዩም፤ በማቴ. ጉንጭ ላይ ካለው ብርሃን በቀር። ይህን የምናውቅ እኛ ነን።

ማቴ. በሰበታ ይሠራ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ የሚያውቁትን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ወደ ሱሉልታ እንዲሄዱለት ሊጠይቅ በጧት ተነሥቶ ሄደ። ሲወጣ፣ ከሠርጉ በኋላ በየእሑዱ ምሳ ከእኛ ጋር ነህ፣ እንቢ ብትል ሌንሴ ዳቦ አትሸጥልህም አለኝ። ከወጣ በኋላ አለቀስሁ። ጥቂት። ክፍሉ ያለ እርሱ ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየሁት። ጠባብ ነው። ይበቃኛል።

ወ/ሮ ሰ. ሁለተኛው መብራት እስኪሠራ ምን እናድርግ አሉኝ። ነጭ ነገር እንፈልጋለን አልሁ፤ ሰፊ፣ ጥጥ፣ ብርሃኑን አለስልሶ የሚመልስ። ከዛሬ ጀምሮም ወረቀቱን ከሁለቱም አገጭ ሥር እይዛለሁ። እርሳቸውም አስቀድመህ እጅህን በብርሃኑ አሳየኝ አሉ፤ ወረቀቱን ከዚያ በኋላ።

ለአጎቴ ልጅ ደወልሁ። አልመጣም አልሁት። ለምን ሲለኝ ሥራ አለኝ አልሁት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት።

ሻንጣዬን ከፍቻለሁ። ጋቢው ገና የቤታችን ሽታ አለው። ዘርግቼ መስኮቱ ላይ ሰቀልሁት፤ የጧቱ ፀሐይ ተቀበለው፤ ግድግዳው ሁሉ፣ ይህን የምጽፍበት እጄም፣ በራ። እናቴ ልበሰው ብላኛለች። ማታ እለብሰዋለሁ። ቀን ቀን ግን ከመብራቱ ማዶ ይቆማል፤ አሁን አጥፌ ወደ ፎቶ ቤት ይዤው እሄዳለሁ።