ከአሰብ የመጣው የብረት ክኒን

አዲስ አበባ፣ ዶሮ ማነቂያ
ሚያዝያ 23 ቀን 1976 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። በአፌ የማልደፍረውን በወረቀትም እንደማልደፍረው አላውቅም ነበር። ዛሬ ግን እማዬ በእግሯ ጊዮርጊስ ደርሳ መጣች፤ ስለዚህ ልንገርዎት። የሚልኩልንን የብረት ክኒን ካቋረጥን ሰባት ወር ሆኖናል። ያስቆምኩት እኔ ነኝ።

ወደ ወደቡ ሥራ ሲሄዱ በር ላይ ቆመው እናትሽ ደም አንሷታል፣ አደራ ክኒኑ እንዳይጎድልባት ብለውኝ ነበር። አደራዎን ጠበቅኩ። መርከበኞቹ የሚሸጡልዎት ጣሳ በደረሰን ቁጥር ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ በእጄ አጎርሳታለሁ። ደከመኝ ካለች ሦስተኛ እጨምርላታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ። ሆዷም እየገፋ ሄደ። ጎረቤታችን እትዬ አይናዲስ ጎኗን እየነካካች፣ ባሏ አሰብ የሆነ ሴት እንዲህ ትደልባለች ትላት ነበር። እማዬ ደስ ይላታል። እኛ ሰፈር ሥጋ መልበስ ጤና አይደል?

በፊት በየዓመቱ ዋግምት ታስደርግ እንደነበር ያስታውሳሉ፤ በቀንዱ ደም ሲወጣላት ቀለለኝ ትል ነበር። መሠረተ ትምህርት ላይ ቀንዱ በሽታ ያስተላልፋል ብለው ስላስተማሩን እሱንም ያስተውኳት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ዳገቱን ስትወጣ ባቷን ይዛ መቆም ጀመረች። መስከረም ላይ አውራ ጣቷ ቆሰለና አልድን አለ። ጉንፋን ይዟታል ብዬ የጻፍኩልዎት ውሸት ነው፤ ያኔ ሆስፒታል ተኝታ ነበር።

ዶክተር አጽብሐ የሚባል ወጣት ሐኪም ወደ እግሯ ደም የሚያደርሱት ሥሮች ጠበዋል፣ ሐሙስ እግሯ ይቆረጣል አለን። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ ሲጠይቃት የለም አለች። ክኒኑን እንደ እንጀራ እንጂ እንደ መድኃኒት ቆጥራው አታውቅማ። እንግዳ ፊት መናገር እንደምፈራ ያውቃሉ። ሐኪሙ ሊወጣ ሲል የካፖርቱን እጅጌ ያዝኩት።

"ብረት ትወስዳለች" አልኩት። "የምሰጣት እኔ ነኝ።"

ተመልሶ ተቀመጠ። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ፣ በቀን ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት። አንድም አልደበቅኩም።

ደሟን አስመረመረው። ደም ጭራሽ አላነሳትም፤ ብረቱ ነው የተከማቸባት። አንዳንድ ሰውነት የገባበትን ብረት መልቀቅ አይችልም አለን። ጉበት ውስጥ ይቀመጣል፣ ስብ ውስጥም ሳይገባ አይቀርም፤ ያ የምንኮራበት የሆዷ ስብ ራሱ ታሞ ሥሮቿን የሚጎዳ ይመስለኛል አለ።

"ጥፋቱ የብረቱ ብቻ ነው ብዬ አልምልም" አለኝ። "ግን ስለነገርሽኝ መቁረጡን ለአንድ ወር አቆየዋለሁ።"

ክኒኑ ቀረ። ቁስሏ በየቀኑ ይታጠባል፣ ቅቤ ተቀነሰ፣ በየሳምንቱ ደግሞ የተከማቸው ብረት እንዲወጣላት በመርፌ ደም ይቀዳላታል። የመጀመሪያው ቀን ደሟ ወደ ጠርሙሱ ሲወርድ አየችና፣ "ዋግምቱን አስትተሽ ዋግምት አድራጊ ዶክተር አመጣሽልኝ" አለችኝ። የክፍሉ በሽተኞች ሁሉ ሳቁ። እኔም እግሯ ይቆረጣል ከተባልን ወዲህ ያን ጊዜ ነው የሳቅኩት።

ወሩ ሲያልቅ ቁስሉ መጥበብ ጀመረ፤ ጥር ላይ ገጠመ። ስትከሳ ያየቻት እትዬ አይናዲስ ባልሽ ረሳሽ እንዴ ብትላት፣ "ሆዴን ሸጬ እግሬን ገዛሁበት" አለቻት። አሁን ሰፈሩ ሁሉ ይህን ይቀባበለዋል።

ዛሬ የጊዮርጊስ ንግሥ ነው። ድሮ ሦስት ቦታ የምታርፍበትን ዳገት አንድም ቦታ ሳትቆም ወጣችው። ምኒልክ አደባባይ ስንደርስ ሕዝቡ መሐል ጠፋችብኝ፤ እየሮጥኩ ነው የደረስኩባት። አባባ፣ እናቴን ሮጬ ደረስኩባት!

በፍቅር እንደላኩት አውቃለሁ፤ እኔም በፍቅር ነው ያጎረስኳት። አሁን ግን አይላኩ፣ እርስዎም ሳይመረመሩ አይዋጡት።

ዶክተሩ ይህ ነገር በዘር ስለሚሄድ ልጇም ትመርመር ካለ ቆይቷል። መርፌ ስለምፈራ እስከ ዛሬ ሰበብ ስፈጥር ነበር። እማዬ አብሬሽ ልሂድ ብትለኝ እምቢ አልኳት። ነገ ጠዋት ብቻዬን ሄጄ፣ ስሜን ለመዝጋቢዋ በራሴ አፍ ተናግሬ፣ እጄን እዘረጋለሁ።

ልጅዎ ንግስቲ