ፍየሏ የሸጠችህ ቅዳሜ

ደምስዬ፣ የቤቴ ሳቅ፣

እንዴት ነህ አልልህም፤ አፈር ከለበሰ ሰው ምን ደኅንነት ይጠየቃል። አርባህን አውጥተናል፣ ሰማንያህም አልፏል፣ ሙት ዓመትህ ግን ገና ነው። እኔም ጥቁሬን አላወለቅሁም። ቆቦ ያው ቆቦ ናት። ሙቀቱ ያው፣ ባጃጁ ያው፣ ከትምህርት ቤት እየተንጫጩ የሚወጡት ተማሪዎችህም ያው። አንተ ሞተህ ምንም አለመጉደሉ፣ እሱ ነው ያበሸቀኝ።

ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፍኜዋለሁ። ሐዘን ቤት ቴሌቪዥን እንደማይከፈት ታውቃለህ። እኔ ግን ለወጉ ብቻ ብዬ አይደለም። አንተ ካረፍክም በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ያንን የልጆች የሰዋስው ፕሮግራምህን ያሳያሉ። የአባቴን ባርኔጣ ደፍተህ፣ ገበሬ ነኝ ብለህ ስትወዛወዝ ማየት አንጀቴ እምቢ አለኝ።

የፍየሏን ቀን መቼም አትረሳውም። የቴሌቪዥን ሰዎቹ መጥተው ትምህርት ቤቱ ግቢ ካሜራቸውን ሲተክሉ፣ አንተ ሳትጠይቀኝ ፍየሌን ጎትተህ ሄድክ። በጨዋታችሁ ገበሬው ሰሌዳ ላይ አሳስቶ የጻፈው ሁሉ እውነት ሆኖ ይደርስበታል፤ የሚያዩት ልጆች ጮኸው ካላረሙለት መውጫ የለውም። ያን ቀን «ፍየሏ ገበሬውን ሸጠችው» ብለህ ጻፍክ። ገመዱ ከእሷ አንገት ወጥቶ አንተ አንገት ላይ ገባ። ዋጃ ገበያ ነው ብላችሁ ባሰናዳችሁት ቦታ አፍህን ከፍተው ጥርስህን አዩና፣ አርጅቷል ብለው በርካሽ ገዙህ። ፍየሌም ስክሪፕትህን በላችው፤ እሰየው! የተማረ ሰው እንዲህ የአገር መሳቂያ ይሆናል ወይ ብዬ ተቆጣሁህ። አንተ ደግሞ እየሳቅህ፣ የሳቀ ልጅ የተማረውን አይረሳም አልከኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ በጎረቤታችን በእትዬ ዘውዴ መስኮት በኩል አለፍኩ። ቴሌቪዥኑ ይበራል፣ ድምፅ ግን የለውም። የሰፈሩ ልጆች አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቃቸውን ያፍናሉ። ለካ እኔ እንዳልሰማ ብሎ ሰፈሩ በሙሉ ድምፅህን አጥፍቶ ነው የሚያይህ! ከመሀላቸው ልጃችን ትርሲት ተቀምጣለች። ስታየኝ ክው አለች። አባቷን በማየቷ እንደ ሌባ ደነገጠች። ወይኔ ደምስዬ!

እጇን ይዤ ቤት ገባሁ። ነጠላውን ገፍፌ ከፈትኩት፣ ድምፁንም እስከ መጨረሻው ለቀቅሁት። ልጆቹም እየተጋፉ ተከተሉን። የፍየሏ ቀን ነበር፤ ገና ገመዱ አንገትህ ላይ ሲገባ ደረስን። ትርሲት ከቀብርህ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋ ቁርጥ ያንተ ነው። እኔም እየሳቅሁ እንባዬ ወረደ። ልጆቹ ጮኸው አረሙልህ። ከወደቅህበት ተነሳህ፣ አቧራህን አራገፍክ፣ ፍየሏን እየጎተትክ ወደ ቤቴ ልሂድ ብለህ ወጣህ።

ሲያልቅ ትርሲት ዞር ብላ በሩን አየች። እኔም አየሁ።

ሐዘን ቤት ቴሌቪዥን ከፈተች ይበሉኝ፣ ግድ የለኝም። ጥቁሬን እለብሳለሁ፣ ሙት ዓመትህንም አወጣለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን መስኮቱ ይከፈታል፣ ድምፅህም መንገድ ድረስ ይሰማል። እኔ በሕይወት እያለሁ ልጅህ አንተን ተደብቃ አታይም።

ያንተው ዘነበች