ክዳን የሌላት ቀይ መኪና

ውድ ወንድሜ ጋሼ ሚልክያስ፣

ሰላምታዬን ላሳጥረው፤ ተናድጃለሁና። ባለቤትህ ፅጌረዳ ማክሰኞ ከገዘር በሚኒባስ መጥታ መልእክትህን ደጃፌ ላይ ቆማ ነገረችኝ። ግቢ ብላት እንቢ አለች። ውሃ ስሰጣት ከንፈሯ ደርቆ እያየሁት ጠጥቻለሁ አለችኝ። ያቺን መኪና ካልጣልኩና ከሻንቆ ቤት እግሬን ካላነሳሁ በልጅህ በአቢጊያ ሰርግ ድስት እንዳልነካ፣ ከቤተሰብ ጋርም እንዳልቀመጥ ብለሃል አሉ።

እስቲ ነገሩን ከራሴ አፍ ስማው።

በማጸዳበት ፔንሲዮን አንድ ቱሪስት መጽሔት ጥሎ ሄደ። ውስጡ የድሮ የአሜሪካ መኪና ፎቶ አለ። ሆት ሮድ ይሉታል፤ አሮጌ መኪና ፈታተው ለሩጫ እንደ አዲስ የሚሠሩት ነው አሉኝ። ከፊት ዝቅ ያለች፣ የኋላ ጎማዋ ወፍራም፣ ጎኗ ላይ የእሳት ነበልባል የተሳለባት። ዓይኔን ከእሷ መንቀል አቃተኝ። ትዝ ይልሃል፣ በልጅነታችን አንተ ከበቆሎ አገዳ መኪና ስትሠራ ጎማውን ከጭቃ የምሠራልህ እኔ ነበርኩ። መንዳቱ ሲደርስ ግን ውባየሁ ሄዳ ውሃ ትቅዳ ይባል ነበር። አሁን አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ውሃውም በቧንቧ ይመጣል፣ ሲመጣ።

ፎቶውን በክብሪት እንጨት እየለካሁ፣ በዚያው ልክ አሳድጌ ከዘይት ቆርቆሮ የትንሽ መጫወቻ መኪና አካል ቆረጥኩ። ጎማዋን ከአሮጌ ነጠላ ጫማ አወጣሁ። ቆርቆሮው ግን አልታጠፍ ብሎ እጄን ሸረከተኝ። ታዲያ ማን ጋ ልሂድ፣ መጋቢው ጋ? ሻንቆ ጋ ሄድኩ። ማረሻህን የሚስልልህ ሻንቆ፤ ቢላዋው ማጀትህ ውስጥ ያለ፣ ግን ቀጥቃጭ ነው ተብሎ ቤቱ ውሃ የማይጠጣለት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ባንድ ወንበር ተቀምጠን የአንድ አባት ልጆች ነን ብለን እንዘምራለን። ሰኞ አባትየው ይለያያል። እሱ መዶሻውን ሰጥቶኝ፣ ቆርቆሮውን ራሴ እየመታሁ አጠፍኩት።

ፎቶው ላይ ሞተሯ ተገልጦ ሳየው በግጭት ክዳኑ የተነቀለባት መስሎኝ፣ አዝኜላት ክዳን ሠርቼላት ነበር። ሻንቆ ፎቶውን አይቶ ሳቀብኝ።

“እትዬ ውባየሁ፣ ሰውየው እኮ ሞተሩን ሊያሳይ ነው የከፈተው። የሚሸፍን የሚያፍር ነው።”

ክዳኑን አነሳሁት።

ቀለሙም አስለቅሶኛል። የቆርቆሮውን ዘይት በደንብ ሳላጥብ ቀብቼ እንደ ድንች ልጣጭ ተላጠብኝ። በአመድ ፈትጌ፣ ከበር ቀለም በተረፈ ቀይ ደጋግሜ ቀባኋት። እሳቱን በጥፍር ቀለም ሳልኩት። ስትደርቅ እንዴት አብረቀረቀች መሰለህ ጋሼ! የሻንቆ ሚስት እልል ብላ ገንፎ አቀረበችና ከአንድ ሳህን በላን። ይኸው፣ ማንም ሳያወራብኝ ራሴ ነገርኩህ። እጄም አልደረቀ፣ ሆዴም አልተነፋ።

የእኛ ዘር ብረት አይመታም ብለሃል። እኔ መትቻለሁ። እንግዲህ ወይ እኔ ዘርህ አይደለሁም፣ ወይ ዘርህ ብረት ይመታል። ምረጥ።

አቢጊያ ጂንካ ስትማር እኔ ቤት ነው ያደገችው። ፀጉሯን የሠራሁ፣ ፈተና ስትወድቅ አብሬያት ያለቀስኩ እኔ ነኝ። ትናንት ደውዬ መልእክትህን ነገርኳት። ተናግሬ ሳልጨርስ፦

“አክስቴ፣ ሻንቆንና ሚስቱን ጠርተሻቸዋል?” አለችኝ።

ኧረ አልጠራሁም አልኳት።

“በይ በእኔ ስም ጥሪያቸው። ውጭ ካስቀመጧችሁ እኔም ቬሎዬን ሰብስቤ እናንተ ጋ እመጣለሁ።”

ልጅህ ናት፤ ግትርነቷን ከማን እንደወረሰች አንተ ታውቃለህ። ቅዳሜ ሦስት ሆነን እንመጣለን። ዳሱን ሰፋ አድርገህ ጣለው።

እወድሃለሁ፤ አልታዘዝህም።

ታናሽህ ውባየሁ
ከጂንካ