ሳይፈቅዱልኝ የገጠምኩት ሞተር

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 12

ውድ አባቴ፣

ይህን ደብዳቤ በእጅዎ የሚሰጥዎ አናጢያችን አለበል ነው። ሲያነክስ ያዩታል። ምን ሆነህ ነው ብለው ቢጠይቁት ጣውላ ወደቀብኝ ይልዎታል። ውሸት ነው፤ እንደዚያ በል ያልኩት እኔ ነኝ። እውነቱን እዚህ ጽፌዋለሁና እስከ መጨረሻው ሳያነቡ እባክዎ ስልክ አይደውሉልኝ። በስልክማ ሞከርኩ። ገና "ሞተሩ" ስል "አጨዳ ላይ ነን" ብለው ይዘጉብኛል። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውኛል፤ ስለዚህ ጻፍኩ።

ቅዳሜ ይመጣሉ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ እማዬን አሳፍረው፣ ዓባይ በረሃን ወርደው፣ ማዶውን ወጥተው ደብረ ሊባኖስ ለመድረስ አስበዋል። መሪውን የሚይዙት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ቁልፉን ከማዞርዎ በፊት ማወቅ አለብዎት፦ ከአሮጌው አውቶቡስ በሠራነው ባለ ጎማ ቤት ውስጥ ያለው ሞተር የእርስዎ አይደለም። ቀይሬዋለሁ።

አሁን ተቆጥተዋል። አውቅዎት የለ፤ ወረቀቱን አጥፈው ኪስዎ ከተቱት፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ አወጡት። ይቆጡ፤ ግን ያንብቡ።

ግቢያችን ውስጥ ወደ ሆነው ነገር ልመልስዎ። አለበል የዚያን አሮጌ አውቶቡስ ወንበሮች አውጥቶ፣ የዋንዛ አልጋና ቁም ሳጥን ሠርቶበት፣ ማድቤቱንና የውሃ ታንከሩን ገጥሞ ሲጨርስ፣ በሌላ መኪና አስጎትቼ ሚዛን ላይ አወጣሁት። ሰውና ስንቅ ሳይጨመርበት አሥራ ሁለት ቶን ተኩል መዘነ። መጥቼ ነገርኩዎት። የእርስዎ ሞተር መቶ ሃያ ፈረስ ጉልበት ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የጎተተው የዚህን ግማሽ ነው። ወደ ጮቄ ሲወጣ ደግሞ አየሩ ይሳሳል፤ አየር የሚገፋለት ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከአራት አንዱን እዚያ ያጣል አልኩዎት። እርስዎ ሳቁብኝ። ጉልበት ያለው የሾፌሩ እግር ላይ ነው፣ አንቺንም ያሳደግኩሽ በዚህ ሞተር ነው አሉኝ። እኔም በሽቄ "ይሄ ሞተር ደክሟል፣ ዳገት አይችልም" አልኩ።

ያቺን ቃል ባወጣኋት ጊዜ ምላሴን በነከስኩ። ባለ መኪናው ሠላሳ ዓመት አሠርቶዎት፣ ወጣት ሾፌር ቀጥሮ፣ ከመኪናው የወለቀውን አሮጌ ሞተር እንደ መሸኛ ሰጥቶ ካሰናበተዎት ዓመት አልሞላም ነበር። እኔ ያወራሁት ስለ ብረት ነው፤ እርስዎ የሰሙት ስለ ራስዎ ነው። ፊትዎ ሲለወጥ አይቻለሁ። ይቅርታ ልልዎት አፌን ስከፍት እጅዎን ሞተሩ ላይ ጫኑ።

"ከዚህ ሌላ ሞተር ብትገጥሚበት ሬሳዬን እንዳታይ። ገዝቼሻለሁ።"

አለበልም እማዬም ቆመው ሰሙ። በማግስቱ ተነሥተው መርጡለ ማርያም፣ አክስቴ የብርጓል ዘንድ ለአጨዳ ሄዱ።

አባቴ፣ እኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ዘጠኝ ዓመት ሞተር ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሴት ነኝ። የከተማው ሾፌር ሁሉ መኪናው ሲያስለው ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ፣ የሚዛኑን ወረቀት በኪሴ ይዤ፣ ግዝት ፈርቼ የማይችለውን ሞተር ገጠምኩ። የአባት ግዝት ልጅ ድረስ ይከተላል ሲባል ነው ያደግኩት። ብሎኑን ሁሉ አጥብቄ አሰርኩ። ጥፋቴ ብለው ከቆጠሩብኝ ይህን ይቁጠሩብኝ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚሉት እርስዎ ነዎት። እኔም ከመምጣትዎ በፊት ልሞክረው ብዬ በጥቅምት ወር በአንዱ ረቡዕ ጠዋት ታንከሩን ሞልቼ፣ በሰውና በስንቅ ፈንታ ድንች በጆንያ ጭኜ፣ ከአለበል ጋር ወደ ሮብ ገበያ ዳገት አመራሁ። እማዬ "አልጋዬን ሳልሞክረው የት ትወስጂዋለሽ?" ብላ ወጣች። ውረጂ ብላት፣ ብለምናት፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። እሱን እስካሁን አልነገርንዎትም። እማዬ ከኋላ አልጋው ላይ ነበረች።

የመጀመሪያውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ወጣልኝ። ደስ አለኝ፤ አባቴ እውነቱን ነው እኮ ብዬ ለአለበል ነገርኩት። ሁለተኛው ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ተጠጋ። ልቁም ብል፣ ዳገት መሃል ከቆመ ዳግም እንደማይነሳ ገብቶኛል፤ ወደ አንደኛ ቀነስኩ። የሰው እርምጃ ያህል ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ አንዴ ተንቀጥቅጦ ሞተሩ ጠፋ።

ፍሬኑን ረገጥኩ፤ ያዘ። የእጅ ፍሬኑንም ሳብኩ። ሞተር ከጠፋ ለፍሬኑ አየር የሚሞላለት እንደሌለ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ አንድ ቦታ ሲያፈስም ኖሯል። የአየሩ መርፌ ዓይኔ እያየ ወረደ። ከዚያ ያ ሁሉ ክብደት ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ።

በስተግራችን ገደል ነው። መሪው ደርቆ እንቢ አለኝ፤ ተንጠልጥዬበት ወደ ተራራው ጥግ ላዞረው ታገልኩ። አለበል ታኮ ይዞ ዘለለ። የመጀመሪያውን ታኮ ጎማው ገፍትሮት አለፈ። እማዬ ከኋላ "የኔአለም" ስትል ሰማኋት። አልጮኸችም፤ ስሜን ብቻ ነው የጠራችው። በመስታወቱ አለበል ትልቅ ድንጋይ ታቅፎ ከኋላ ጎማው ሥር ሲንበረከክ አየሁና መኪናው ቆመ።

ወርጄ ሳይ በኋላ ጎማውና በገደሉ መሃል የቀረው አንድ ክንድ ነው። አለበል አልተነሣም። እግሩ በድንጋዩና በጎማው መሃል ነበር። መንገደኞች ደርሰው ባያግዙን ምን እሆን እንደነበር አላውቅም። ሆስፒታል ሁለት የእግር ጣቱን ቆረጡለት። ሚስቱ ስታለቅስ እሱ እኔን ያጽናና ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ቀና ብዬ ማየት አፍራለሁ።

እማዬ ያን ቀን ከመኪናው ወርዳ ነጠላዋን አራገፈች። ገደሉን አየች፣ የአለበልን እግር አየች። አላለቀሰችም። ማታ ቤት ስንገባ ነው የተናገረችው።

"ሞተሩን ቀይሪው። ግዝቱን እኔ ወስጄዋለሁ፤ ሬሳውን እኔ አልይ።"

በነጋታው ሞተር ፍለጋ ወጣሁ። ሦስት አየሁ። አንዱ መቶ ሰባ ፈረስ ጉልበት፣ ቱርቦ የሌለው፤ ሜዳ ላይ ይበቃል፣ ለእኛ አገር ግን ያው ነው ብዬ ተውኩት። አንዱ ከሦስት መቶ በላይ ነው፤ ሻጩ አንበሳ ነው እያለ ሲያቆለጳጵሰው ዋለ። ጉልበት ብቻ ቢሆን እሱን ባነሣሁ፤ ነገር ግን የአውቶቡሱ የፊት እግር ክብደቱን አይሸከምም፣ የማርሽ ካምቢዮውም በአንድ ወር ይበጣጠሳል። የወሰድኩት መካከለኛውን ነው፦ ባለ ስድስት ፒስተን፣ ባለ ቱርቦ፣ ሁለት መቶ አርባ። ቁልቁለት ላይ ጭሱን አፍኖ መኪናውን የሚይዝ የሞተር ፍሬንም አለው፤ ዓባይን ሲወርዱ እግርዎ ፍሬን ላይ ተጣብቆ አይውልም። የአየሩንም ማፍሰሻ አግኝቼ ደፈንኩት፤ የፍሬኑን ሸራ በሙሉ ቀየርኩ። ከየት አምጥተሽ ገዛሽ እንዳይሉኝ፤ ገንዘቡ የራሴ ነው።

ያንኑ ድንች ጭኜ ያንኑ ዳገት ወጣሁ። እማዬን ቤት ቆልፌባት ነው የሄድኩት፤ ይሳቁ፣ እውነቴን ነው። አለበል ግን በክራንች መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰው መሃል እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ያን ቀን አወቅኩ። በሦስተኛ ማርሽ ወጣን፤ የሙቀቱ መርፌ ከመሃል አልነቃነቅም አለ። የተንሸራተትንበትን ቦታ ሳንቆም አለፍነው።

የእርስዎ ሞተር ጋራዡ ውስጥ በጣውላ ላይ ተቀምጧል። የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ያ ስስ ማሸጊያ ነው የተቃጠለው፤ ቀይሬለታለሁ። አጥቤ፣ ዘይት ቀብቼ ሸፍኜዋለሁ። የጉንደ ወይን አንድ ባለ ወፍጮ አይቶት ወዶታል፤ ባለቤቱ አባቴ ነው፣ እሱ ይወስን ብዬ መለስኩት። ጥሩ ሞተር ነው አባቴ። ያለ አቅሙ የጫንበት እኛ ነን። ስለ እርስዎም እንዲያ አስቤ አላውቅም፤ ያን ቀን ልልዎት የነበረው ይህን ነው።

ግዝቱን ይፍቱልን ብዬ የንስሐ አባታችን አባ ገዳሙ ዘንድ ሄጃለሁ። "አባትሽ በአፉ ያሰረውን በአፉ ይፍታው፤ እኔ መካከል አልገባም" አሉኝ። ለራሴ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አልለምንዎትም ነበር፤ ግትርነቱን ከማን እንደወረስኩት ያውቃሉ። የምለምንዎት ለእማዬ ነው። በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ጠዋት ጠዋት ትሰግዳለች። ምን ትለምናለች ብዬ ትናንት በሩ ሥር ቆሜ አዳመጥኳት። ከእርስዎ በፊት እንድትሞት ነው የምትለምነው። ቀድማ ከሞተች ግዝቱ አይደርስባትም፤ ሬሳዎን ማየት ሳትከለከል ታልፋለች። አርባ ዓመት አብረውት የኖሩትን ሰው ይህን ሲያስለምኑት ማየት እንዴት እንደሚያቃጥል እርስዎ ባያዩትም እኔ አየሁት።

ደብዳቤውን እንደጨረሱ ይደውሉ። ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ይደውሉላትና "ወለላ፣ ፈትቼዋለሁ" ይበሏት። እኔ ከአጠገቧ እቀመጣለሁ። ስለ እኔ ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ይበሉ፣ ይስደቡኝ፣ ቅዳሜ ሲመጡ አልስምሽም ይበሉኝ።

ባይፈቱኝም ግን ሞተሩን አላወርደውም።

ልጅዎ፣
የኔአለም እንዳላማው