መስኮት ላይ የጠቆረው ናፍጣ

ለልጄ ልጅ፣ ለናፍጣ አጣሪዋ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ከዚህ ቤት የወጣ ከባድ መግለጫ አለ። ድመቷ ከመስኮቱ ደፍ ተነሥታ ወደ ወንበሬ ተዛውራለች፤ እኔም ወደ በርጩማው። ሹም ሽሩን ያመጣችው ያቺ የላክሽልኝ የናፍጣ ጠርሙስ ናት። የድመቷን ቦታ ይዛ ሁለት ወር ሙሉ ፀሐይ ትሞቃለች።

እንደምን ከርመሻል? ሳሉስ ተወሽ? እኛ ደህና ነን። አያትሽን ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷን ግን ምንም አልነካትም። እኔ ደክሞኛል። ይሄ ደረጃ በየወሩ አንድ እርከን ሳይጨምሩበት አይቀሩም።

በእኛ ጊዜ፣ እኔም እዚያው ማጣሪያ ስሠራ፣ ዘይት ካዘለው ድንጋይ ተጠብሶ የሚወጣው ቅጥራን ነበር፤ ሽታው ልብስ ቢታጠብም አይለቅም። ድኙና ናይትሮጅኑ እንዲወጣለት በሃይድሮጅን ስናጥበው ውኃ ይመስላል። መታጠቡ ይበቃዋል ወይ ተብሎ የሚጠየቀው የእኔ አፍንጫ ነበር። አንቺም መሣሪያው አልፏል ቢልም የአባባ አፍንጫ ካላለፈ አልፈርምም ብለሽ ላክሽልኝ። እኔም አሽትቼ፣ ንጹሕ ነው፣ ፈርሚ ብዬ ጻፍኩልሽ።

ልጄ፣ የፊርማው ቀን ሰኞ ነው ብለሽኛል፤ እንዳትፈርሚ።

መሣሪያው የለካው ትኩሱን ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሻይ መሰለ፤ ዛሬ ከሥሩ ሙጫ ረግቶበታል። ናይትሮጅኑ አልወጣለትም ማለት ነው። ለአውቶቡሶቹ ከታደለ ፊልትሮ ይደፍናል፤ ሹፌሮቹ መንገድ ላይ ቆመው የሚረግሙት የፈረመችውን ነው። እንደገና ይታጠብ፤ ከዚያ ጠርሙስ ሞልተሽ አንቺም መስኮት ላይ አቆዪው። አለቃሽ ከተቆጣ አያቴ አሳሳተኝ በዪው። ቁጣ መቻል ከአያትሽ ጋር ሃምሳ ዓመት ተለማምጄዋለሁ።

ያን ቀን ብርቱ ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ የተሳሳትኩት ለዚያ ነው።

አያትሽ ሰላም ትልሻለች። ባለፈው ሳምንት ሽንኩርቱን ጠብቅልኝ ብላኝ ወጥታ፣ አጠገቡ ጋዜጣ ሳነብ ድስቱ ከሰለ። ሽታው ደርሶት በር አንኳኩቶ የነገረኝ ጎረቤት ነው። እስካሁን አኩርፋለች። ለማስታረቂያ ትናንት የእራቷ መዓዛ ብቻውን ያጠግባል አልኳት።

እጅሽ ያጠራው ይጥራልሽ፤ የፈረምሽበት አያሳፍርሽ። ዕድሜዬን ይስጥሽ፣ ጉልበቴን ግን አደራ አትቀበዪ።

አባባ

የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ድመቷ ምስክሬ ናት። የፈጠርኩት ጉንፋኑን ብቻ ነው።